ኮርኒሱ ውስጥ ያሉት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ኩስ። ቅዳሜ ፈግፍጌው ነበር... ወገቤን ፈጁት እኮ! የያዝኩት የጸሎት ቤት ጽዳት ነው ወይስ ዶሮ እርባታ? እኔ ከሥር ስጠርግ የሌሊት ወፎቹ ኮርኒሱ ውስጥ ተመቻችተው ከላይ ይጥላሉ። ለጉባኤው ሰብሳቢ በየሳምንቱ አቤት እላለሁ፤ "አውጡልኝ!" ጥፉልኝ ብዬ ጸልዬም አውቃለሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ መልስ መጣ። እሁድ 17 የታደሰው አዳራሽ ሊመረቅ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ሐሙስ አናጢ መጥቶ ቀዳዳቸውን ይደፍናል። መወልወያውን ይዤ ልዘፍን ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አናጢው ቁጥብ ሰው ነው። አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ቆመን የሌሊት ወፎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቅን። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ተግተልትለው ወጡ። መሰላሉ ላይ ሆኖ ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ውስጡን አይተውታል? የቀረ የለም?"

የኮርኒሱ መግቢያ ቁልፍ እኔ ኪስ ነው። ግን ጉልበቴ... ልጄም ራት አቅርባ እየጠበቀችኝ...

"አይቻለሁ። ባዶ ነው።"

ጣውላውን መታበት። አለቀ። ሳላይ አየሁ ብል ማንን ይጎዳል? ሲወጡ አይተናል አይደል?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ንጋት ላይ በሩን ልከፍት ስመጣ ጣውላው ላይ የተለጠፉ አሉ። ሲቧጥጡት ያደሩ ይመስለኛል። ሲነጋባቸው ወደ ዛፎቹ ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ድምፅ... ቀጭን። ከላይ። ጉልበቴን ረስቼ ወጣሁ።

ልጆቻቸው ናቸው። እናቶቹ ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ትተዋቸው ነው የሚሄዱት። የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ተጠጋግተው ተንጠልጥለዋል፤ ስንት እንደሆኑ እንጃ። ፀጉር እንኳ አላበቀሉም። አንዷ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ባትሪውን በእጄ ጋረድ አድርጌ ጠጋ አልኩ። ጆሮዋ ብርሃን ያሳልፋል። በደረቷ ቆዳ ሥር ልቧ ሲመታ ይታያል! ትር ትር ትር... እዚያው ተንበረከክሁ። አዳራሹ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ስጸልይ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ከራሴ በላይ ይህ ሁሉ ሲፈጠር ኖሯል? እኔ ደግሞ ጥፉልኝ እያልኩ?

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወደ አናጢው ሮጥኩ። "ሰብሳቢው ካላዘዙ አልነካም፣ እትዬ።" ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ሱቅ።

"አውጡልኝ ስትዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ግን ልጆቻቸው ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። እናቶቹ መግቢያ አጡ። ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁ።"

"ብንከፍተው ምርቃቱስ? ልጆቹ እስኪበሩ ከወር በላይ ነው። ለእንግዶቹ በሌሊት ወፍ ምክንያት ቀረ ልበላቸው?"

"በኔ ምክንያት ይበሏቸው።"

የሱቁን ደብተር ከደኑ።

"እሁድ በጉባኤው ፊት ትናገሪዋለሽ። ቁልፉንም ታስረክቢያለሽ። ቃሉ የማይታመን ሰው ቁልፍ አይይዝም።"

"እሺ።" ሌላ ምን እላለሁ? መተዳደሪያዬ ነው... ግን እውነታቸውን ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣውላው ተነሣ። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ዓይን ያዝ ሲያደርግ ክንፍ... ክንፍ... ክንፍ። የልጆቹ ጩኸት አየለ። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ፣ እያንዳንዷ የራሷን ልጅ እንዴት ታገኛለች? ታገኛለች! ጩኸቱ እዚህም እዚያም እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ጸጥ። እየጠቡ ነው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እሁድ፣ ግንቦት 10

በጉባኤው ፊት ተናገርኩ፤ ምርቃቱ በኔ ምክንያት መቅረቱንም። አንድ ሰው ሳቀ። ቁልፉን ሰጠሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ሰፈሩ "የሌሊት ወፎች እናት" ብሎ ስም አወጣልኝ። ልጄ ትብሳለች፦ "እማ፣ ልጆችሽ እንዴት አደሩ?" በየሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ነው። ሲመሽ ግን እግሬ ወደ ጸሎት ቤቱ አጥር ይወስደኛል። ዛሬ ሰብሳቢው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሰላም እንኳ አላሉኝም። የሌሊት ወፎቹ ከጣሪያው ሥር መውጣት ጀመሩ፤ ሰማዩ ሞላ፤ ገና አላለቁም። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ይሄ ሁሉ?" አሉ።

"ይሄ ሁሉ፣ ጋሼ።"

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ልጆቹ በሩ። እናቶቹም ለቀቁ። አናጢው ሊደፍን ሲመጣ ልጄን ልኮ አስጠራኝ። መጀመሪያ እሱ ራሱ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ ጥጋጥጉን ፈተሸ። ሲወርድ መዳፉ ላይ አራት ትንንሽ ነገር ይዟል። የደረቁ።

"በራሳቸው ሞተው ይሆናል፣ እትዬ። በተዘጋባቸው ሌሊት ላይሆን ይችላል።"

"አይተሃል?"

"አላየሁም፣ እትዬ።"

አዳንሻቸው ይለኛል ሰው ሁሉ። እኔም ሳላምነው አልቀረሁም ነበር...

አንዷን ተቀበልኩት። እንዳትሰበር ቀስ ብዬ ክንፏን ዘረጋሁ። ለካ ክንፍ የምለው ጣት ኖሯል! ረጃጅም ጣት፣ በመሃሉ ስስ ቆዳ። አውራ ጣቷ ላይ ጥፍር አለ። ቆጠርኩ። አምስት።

አጥሩ ሥር በእጄ ቆፍሬ አራቱንም ቀበርኳቸው። እጄን ሳልታጠብ ነው ይህን የምጽፈው።