ሳልጠይቃት የጫንኩት ሊኑክስ

ቅዳሜ
ሊኑክስ ገባ። በሦስተኛው ሙከራ። ዋይፋዩ ይሠራል፣ የአማርኛ ኪቦርዱም ይሠራል። ሁሉንም ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። ላፕቶፑ የእህቴ ልጅ የመምህርት ትርንጎ ነው። እናቷን ልትጠይቅ አርብ ገበያ ወደሚባለው ከተማ ስትሄድ "ዘገየብኝ፣ እስኪ ይዩልኝ" ብላ ሰጠችኝ። ዊንዶውሱን አውጥቼ በቦታው ሊኑክስን እንደምጭን አልነገርኳትም። ስትከፍተው ፊቷን ማየት አማረኝ። ስክሪኑ ላይ የአህያ ፎቶ ለጥፌበታለሁ።

እሑድ
መጣች። አህያውን አይታ ሳቀች። "ጋሼ፣ የራስዎን ፎቶ ምነው እዚህ አደረጉት?" ቀጥላ፣ "የስምንተኛ ክፍል ውጤት የታለ?"
ዶክመንት የሚለውን ፎልደር በፍላሽ ገልብጬ ነበር። ውጤቱ ግን ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ሊኑክሱ ሲጫን ዲስኩን በሙሉ ላጥፋው ወይ ሲለኝ አዎ ብዬዋለሁ።
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ
ኮምፒውተር ጠጋኙ ሁለት ሰዓት ሞክሮ "አይመለስም" አለኝ። ትርንጎ የፈተናውን ወረቀት አርማ ቀደም ብላ ለተማሪዎቹ መልሳለች። ውጤቱን እስከ አርብ ማስረከብ አለባት። ርዕሰ መምህሩ "በግምት አይሆንም፣ ወረቀቱን ሰብስቢ" ብሏታል።
ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ስሰበስብ ዋልኩ። አንዱ 31 የነበረውን በእስክሪብቶ 81 አድርጎ አመጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጓደኛዬ አደርገው ነበር።

ሐሙስ
ከአርባ ሁለት ወረቀት አንድ ጎደለ። የሺ የምትባል ተማሪ ወረቀት ነው። ቤቷ ድረስ ሄድኩ። "ያለቀ ወረቀት መስሎኝ እሳት አያያዝኩበት" አሉኝ እናቷ።
ትርንጎ "ከዘጠና በላይ ነበራት፣ አስታውሳለሁ" አለች።
"ታዲያ ዘጠና ስጫት።"
"ስንት እንደሆነ ሳላውቅ? ለሌሎቹ በወረቀት፣ ለእሷ በእኔ ትዝታ?"
ነገ ጠዋት እንደገና ልትፈትናት ነው።

አርብ
የሺ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተፈተነች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሰባ አራት አመጣች። አንደኛ ትወጣ ነበር፣ አሁን ሦስተኛ ሆነች። ኮምፒውተር ተበላሽቶ ነው ተብላለች። ማን እንዳበላሸው አልሰማችም።
ስትወጣ ጎንበስ ብላ "ጋሼ፣ ብርድ ላይ አስቀመጥኩዎት፣ ይቅርታ" አለችኝ።
ከአግዳሚው ተነሳሁ። ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። ከምን እንደምጀምር ግን አላውቅም። ሁልጊዜ የምጀምረው በቀልድ ነበር።