ይቅርታ በማለቴ የተነጠቀ ዋንጫ

ለክቡር ሚስተር ሬጂናልድ ክላተርበክ
የኔዘር ፓድልኮም መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ የአትክልት አጥር ኮሚቴ የበላይ ጠባቂና የወፍ ማስፈራርቾ ውድድር ዋና ዳኛ
እንግሊዝ

ጉዳዩ፦ ሰው ሆኜ በመገኘቴ የተሰማኝን ጥልቅ ጸጸት ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፊሊፓ፣ አድሚራል የተባለው ውሻዎ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነዝርዎት ግራ ጉልበትዎ (በዚህ አገር ስንት ቀን እንደሚነዝርዎት ሳስብ አዝንልዎታለሁ)፣ እንዲሁም በውሃ ልክ የተከረከመው የግቢዎ አጥር፣ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ለዓይንዎ ጤና ደግሞ ለብቻው እጸልያለሁ። መነጽርዎን ሕዝብ ፊት ማድረግ እንደማይወዱ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሰው መልኩ እንዲያምርለት የሚከፍለውን ዋጋ ከሚንቁት ወገን አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ በመንደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፍ ፈቃድ ጠይቄ የሰሌዳው መስታወት ቁልፍ ጠፍቷል ተባልኩ። ቁልፉ ከኪስዎ ተንጠልጥሎ ሲንቃጨል ብሰማውም ጠፍቷል ከተባለ ጠፍቷል፤ ስለዚህ በአገሬ ቋንቋ በመጽሔት ላወጣው ተገደድኩ። እርስዎ ሊያነቡት አለመቻልዎ አያሳስብዎት። በላርች ቤት የምትኖረው ወዳጄ ዶሪን ትርጉሙን ከእኔ ተቀብላ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ በቃሏ ለማዳረስ ቃል ገብታለች፤ እሷ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም፣ ከሰማችውም አትቀንስም፣ ይልቅ ትጨምርበታለች።

ምናልባት ከረሱኝ፣ በላርች ቤት የአረጋውያን መኖሪያ በበጎ ፈቃደኝነት ሳገለግል ሁለተኛ ዓመቴን የያዝኩት ረቂቅ ነኝ። ሥራዬ የጠፋ መነጽር መፈለግ፣ የጋዜጣውን ኮከብ ቆጠራ ጮክ ብሎ ማንበብና በዶሚኖ መሸነፍ ነው። እርስዎ ግን ይበልጥ የሚያስታውሱኝ በጃንጥላ የወጓት ማስፈራርቾ በመሆኔ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እንደሚያውቁት በመንደራችን፣ እዚህ አገር በጋ ብለው በሚጠሩት ክረምት፣ እያንዳንዱ ቤት ጭድ የሞላበት ማስፈራርቾ ሠርቶ በደጁ ያቆማል። (አንባቢዎቼ ወፍ ለማባረር እንዳይመስላቸው፤ ወፎቹ ትከሻው ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያወጉት።) የአንደኛው ባለቤት የመንደሩን የብር ዋንጫ እስከሚቀጥለው ዓመት መስኮቱ ላይ ያቆማል። ዋንጫው ላለፉት ስድስት ዓመታት ከወይዘሮ ፊሊፓ መስኮት ተነቃንቆ አያውቅም። ዳኛው እርስዎ፣ አሸናፊዋ ባለቤትዎ መሆናችሁ እንዲያው የገጠመ ነገር መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ እየማልኩ አስረዳለሁ። የሚያምነኝ አጣሁ እንጂ።

ዘንድሮ ግን ሚስተር ከትበርት ፒም ተነሡ። የዘጠና አንድ ዓመቱ ሚስተር ፒም በጉልምስናቸው ዘመን በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር መስኮት ውስጥ አሻንጉሊቶችን ሲያለብሱና ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መንገደኛ ቆሞ አሻንጉሊቶቻቸውን ሰዓት ይጠይቅ ነበር ብለው ይምላሉ። በዚህ ወር መጨረሻ ልጃቸው ሩቅ ሰሜን ወዳለችው አበርዲን ከተማ ልትወስዳቸው ነው፤ አበርዲን ደግሞ ለጥየቃ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም። ከመሄዳቸው በፊት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ዋንጫ በላርች ቤት ሳሎን መስኮት ላይ ቆሞ ማየት። ከወዲሁ ቦታ ሊያስለቅቁለት የዶሪንን አበባ ከነሸክላው አንሥተው ወለል ላይ አስቀመጡት።

ዶሪንም «አበባዬን ለዋንጫ ብለህ አወረድከው? ካላሸነፍክ እዚያ ላይ የማስቀምጠው አንተን ነው!» አለቻቸው።

ማስፈራርቾውን በርናርድ አሉት። ፊቱ ከትራስ ልብስ የተሰፋ፣ መነጽሩ የሟች ወንድማቸው፣ ሆዱ በጭድና የቤቱ እመቤቶች ባዋጡት የተተረተረ ካልሲ የተሞላ ነው። እግሩን አነባብሮ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ደፋ አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሻይ አቅርቤለት ስኳር ስንት እንደሚወስድ ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ዶሪን ደርሳ «ተይው የኔ ቆንጆ፣ ስኳር በሽታ አለበት» ብላኛለች።

በዳኝነቱ ዕለት ዝናብ መጣ። በርናርድ እንዳይበሰብስ ብለን ወደ በረንዳ አስገባነው፤ እኔም እሱን ተሸክሜ ወገቤ ስለተቆረጠ ደጅ በቀረው የእሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍ አልኩ። የዝናብ ካፖርት፣ የጎማ ቦቲ፣ የጓሮ ጓንትና የሚስተር ፒምን ሰፊ ባርኔጣ አድርጌ ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ። ስባንን እርስዎ፣ ወይዘሮ ፊሊፓና ገንዘብ ያዡ ሚስተር ጊልበርት ፊቴ ቆማችሁ ስለ እኔ ትወያያላችሁ። ለምን አልተናገርሽም ይሉ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር የተማርኩት ትልቁ ጨዋነት፣ ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ እንዳልሰማሁ ሆኜ ርቆ የሚገኝ ዛፍ ማየት ነው። ዛፉን አየሁ። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ጥፋተኛው አስተዳደጋችሁ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

1ኛ. ስለ ጃንጥላው። ጎኔን በጫፉ ወጋ አድርገው «ጭዱ ጥሩ ተጠቅጥቋል» ብለዋል። ያን ዕለት ጠዋት የበላሁት ሁለት ሳህን የአጃ ገንፎ በባለሙያ ዓይን በመመዘኑ ኩራት ተሰምቶኛል።

2ኛ. ስለ አፍንጫዬ። ወይዘሮ ፊሊፓ «አፍንጫው ላይ እኮ አበዙት! እንዲህ ያለ አፍንጫ በሰው ፊት ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። አፍንጫው የአባቴ ነው። ስልክ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ከአያቱ ጀምሮ ማብራሪያ ሊሰጥ ዝግጁ መሆኑን እንዳሳውቅለት አደራ ብሎኛል።

3ኛ. ስለ አቀማመጤ። «ተፈጥሯዊነት ይጎድለዋል፤ ሰው እንዲህ አይቀመጥም» ብለው ነጥብ ቀነሱ። እስከ ዛሬ ተሳስቼ ስቀመጥ የነገረኝ ባለመኖሩ አዝኜ፣ ምክር ቤቱ በትክክለኛው የሰው አቀማመጥ ላይ አጭር ሥልጠና ቢሰጠኝ ውለታውን አልረሳም።

4ኛ. ስለ መርፌው። የወይዘሮ ፊሊፓ ማስፈራርቾ በዝናቡ ጭንቅላቱ ወልቆ ጎረቤት ግቢ ስለገባ፣ እርስዎ የግድዎን «ከነጉድለቱም ቢሆን ይኼ አንደኛ ነው፤ ሕይወት ያለው ይመስላል» ብለው የአንደኛነቱን ቀይ ሪባን ደረቴ ላይ ሰኩት። ካፖርቴን ዘልቆ ወጋኝ። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን አንዲት ሴት አውቶቡስ ውስጥ እግሯን ረግጫት እሷው ይቅርታ ስትለኝ ደንግጬ ነበር፤ ዛሬ ግን ሠልጥኛለሁ። ስለዚህ የተወጋሁት እኔ «ይቅርታ» አልኩ። እርስዎም ባርኔጣዎን ነካ አድርገው «ኧረ ምንም አይደል» ብለውኝ ሄዱ። እስከ በሩ ሄዱ። በሩን ከፈቱ። ከዚያ ነው የጮኹት። በጩኸትዎ የደነገጠው አድሚራል እስከ ዛሬ በላርች ቤት በር አላልፍም እንዳለ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ።

5ኛ. ስለ ፍርዱ። ማጭበርበር ተብሎ ሪባኑ ከነመርፌው ተነቀለ። ሚስተር ፒም በረንዳው ላይ ሆነው በርናርድን ከብብቱ ይዘው «ሬጂናልድ! የእኔ ይኼውልህ፤ ዞር ብለህ አንዴ እየው!» ሲሉ፣ እርስዎ ዞር ሳይሉ የዳኝነቱ ሰዓት አልቋል አሉ። ዋንጫው ለወይዘሮ ፊሊፓ ማስፈራርቾ ተሰጠ። ጭንቅላት የሌለው ሲሸለም በዓይኔ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሆኖም በምክር ቤቱ ዙሪያ ለሚኖሩ ብዙዎች ተስፋ የሚሰጥ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚስተር ፒም «ግድ የለም፣ ግድ የለም» እያሉ ዶሚኖውን ሳጥኑ ውስጥ መለሱት። የሳሎኑ መስኮት ባዶውን ነው። ዶሪንም አበባዋን አልመለሰችም፤ ስጠይቃት «ዐይኔ አያይም፣ ማንሣት አልችልም» አለችኝ፤ በማግስቱ አንድ ሙሉ ሶፋ ብቻዋን ስትገፋ አይቻታለሁ።

እናም ባለፈው ማክሰኞ አቤቱታችንን ይዘን የተገኘ ነዋሪ ሁሉ ድምፅ ወደሚሰጥበት የምክር ቤቱ ስብሰባ መጣን። የተቀበሉን አቀባበል ከአእምሮዬ አይጠፋም። በርናርድ በድጋሚ ይዳኝ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ እኔም እጄን አነሣሁ፤ እርስዎ ግን በጎ ፈቃደኛ ድምፅ የለውም ብለው በትሕትና አስወረዱኝ። ድምፅ ለመስጠት በሕይወት መኖር ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ተማርኩ። ሚስተር ፒም፣ ዶሪንና የደብሩ ቄስ ደገፉ። ወይዘሮ ፊሊፓ፣ እህታቸውና ሚስተር ጊልበርት ተቃወሙ። ሦስት ለሦስት።

እርስዎም አንገትዎን ሰገግ አድርገው «ከኋላ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያሉት ጌታዬስ? ይደግፋሉ?» አሉ። ሰውዬው ዝም። «ይቃወማሉ?» ዝም። «ዝምታ ተቃውሞ ነው፤ አራት ለሦስት፣ ሐሳቡ ወድቋል!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡ። ወይዘሮ ፊሊፓ ማንነታቸውን ሲጠይቁዎት «ወፍጮው ጋ አዲስ ቤት የገዙት ናቸው፤ የተከበሩ ሰው» ሲሉም ሰምቻለሁ። ከዚያ ሄደው ጓንትዎን እንዳጠለቁ ጨበጧቸው፣ በዚህ አዳራሽ በማስተዋል ያዳመጡ ብቸኛ ሰው ናቸው ብለው አመሰገኑ፣ በአትክልት አጥር ኮሚቴ ውስጥ እንዲያገለግሉም ጠየቋቸው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዝምታቸው እንደ ፈቃደኝነት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። ከዚህ በላይ ምን እንላለን? ሕዝብ ድምፁን ሰጥቷል። እኛም ተሸንፈን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በዝናቡ ወደ ቤታችን ገባን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጃንጥላዎና ስለ መርፌዎ እያመሰገንኩ፣ ጉልበትዎ እንዳይነዝር፣ አጥርዎ እንዳይንጋደድ፣ ባለቤትዎም ለማስፈራርቿቸው የሚስማማ ጭንቅላት እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከዕለት ወደ ዕለት በሚጨምር አክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ አንደኛ፣ አቀማመጥ የማታውቀው
ረቂቅ ገበየሁ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፊሊፓ (የአባቴ የጎን ፎቶግራፍ ተያይዟል)
ለአድሚራል፣ ከይቅርታ ጋር
ለዳቦ ቤቱ ሰልፍ፣ በዶሪን በኩል

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ትንሽ ነገር ረስቻለሁ። ማሞቂያው አጠገብ የነበሩት የተከበሩ ሰው በርናርድ ነው። ሚስተር ፒም ለማስረጃ ብለው በተሽከርካሪ ወንበር ይዘውት መጥተው ነበር፤ ልናስተዋውቅዎት ስንል እርስዎ አስቀድመው ድምፁን ጠየቁት፣ ዶሪንም ጭኔን ቆንጥጣ «ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ «ከሃዲ! በገዛ አባትህ ላይ ድምፅ ትሰጣለህ? አንተ ጭድ!» ስትለው፣ ሚስተር ፒም ከዳኝነቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። በርናርድ ማስፈራርቾ ነው ካሉ፣ የዋናውን ዳኛ እጅ ጨብጦ ያታለለ ማስፈራርቾ ነውና ዋንጫው የሚስተር ፒም ነው። ሰው ነው ካሉ ደግሞ ሰኞ የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባ ስላለው መጥተው ይውሰዱት፤ ብቻውን መራመድ ላይ ትንሽ ይቸገራል፣ መቀመጥ ግን ከእኔ ይሻላል። ሚስተር ፒም የሚሄዱት ቅዳሜ ነው። መስኮቱ ተጠርጓል፣ አበባው አሁንም ወለል ላይ ነው፤ ዋንጫውን ይዘው ሲመጡ እንዳይረግጡት አደራ።

በርናርድ ሰላም ብሎዎታል ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ምንም አላለም። ዝምታውን እንዴት እንደሚቆጥሩት እርስዎ ያውቃሉ።