ከመጽሐፉ የወሰድኩት መጨረሻ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ዘውደነሽ ደበሳ፤ አስመራ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ያ የጉልበትዎ ሕመም እንዴት አደረገዎት? የጋሼ ወልደ የሱስስ ሥራ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኛም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እናታችን ደህና ናቸው። ያስጨነቀኝም የእሳቸው ደህና መሆን ነው።

ስለ ነመራ የጻፉልኝ ደብዳቤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደርሶኛል። የጦር ጓደኛው መታወቂያውን አምጥቶ እንደሰጠዎትና የወንድማችንን ሞት ከአፉ እንደሰሙ አነበብኩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ አስተማርኩ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርምና፣ እንዳዘዙኝ ለዕድራችን ዳኛ ለጋሼ ገብረ ማርያም ነገርኳቸው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤታችን ሊመጡ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በመኪና የሚዞረው ሲኒማ መቱ ገባ። የቀበሌውን አዳራሽ መስኮቶች በቡና ጆንያ ሸፈኗቸው። እኔንም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ ብለው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዳስተረጉም ማይክራፎን አስያዙኝ። እናታችን ከሴቶች ማኅበር ጋር መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

ፊልሙ ከታሪክ ልቦለድ የተወሰደ፣ መብረቅና የጨለመ ግንብ የበዛበት አስፈሪ ነገር ነው። መጽሐፉን ጅማ ስማር አንብቤዋለሁ። አንድ ጌታ ለርስት ሲል ታናሽ ወንድሙን ከግንቡ ሥር ይቆልፍበታል። ለእናታቸው ልጅሽ ጦር ሜዳ ሞተ ብሎ፣ ድንጋይ የሞላበት ሣጥን ያስቀብራል። እናቲቱ ግን ከግድግዳው ውስጥ ሲንኳኳ ትሰማለች፤ አብዳለች ይሏታል። ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ልብስ ሰፊው ኢቲቻ ተነሥቶ ተመለሺ እያለ ቢጮህባት፣ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

በመጽሐፉ ልጇን በሕይወት ታገኘዋለች። ፊልሙ ግን ለውጦታል፤ በሩ ሲሰበር የታየው አጥንት ነው። እናታችንን አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል። አፌ ቀደመኝ። ይህ የሌላ እስረኛ አጥንት ነው፣ ልጇ በወንዙ በኩል አምልጧል፣ ደህና ነው አልኩ። በኦሮምኛም ደገምኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቲቱ መሬት ላይ ተደፍታ ስታለቅስም የደስታ ለቅሶ ነው አልኩ።

እትዬ፣ እናታችን የፊልሙን ነገር እንደ ምልክት ቆጥረው እስከ ቤት ድረስ ነመራ ጂራ፣ ልጄ አለ እያሉ ሄዱ። የነመራ ወሬ ከቀረ ጀምሮ ሆዳቸው ባብቶ ነበርና፣ የዚያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበው በሉ። እኔ ሮጬ ጋሼ ገብረ ማርያም እግር ላይ ወደቅሁ፤ አንድ ሳምንት ብቻ አልኳቸው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። መርዶ አፍኖ መያዝ ነውር ነው እያሉ ባገኙኝ ቁጥር ይቆጡኛል። ገበያ ላይ ሴቶቹ እናታችንን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እሳቸው ምቀኝነት ይመስላቸዋል።

መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ሰሌዳ ላይ የጀመርኩትን ሳልጨርስ በመስኮት መንገዱን አያለሁ፤ አንዱ መንገደኛ ቀድሞኝ ይነግራቸው ይሆን እያልኩ። የመጽሐፉን እንጂ የራሴን አልተናገርኩም እላለሁ፤ ግን አያጽናናኝም።

ሽማግሌዎቹ ከየካቲት አሥራ አምስት እሁድ አናሳልፍም ብለዋል። እባክዎን ይድረሱልኝ። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ያንን አፌን ራሴ አበላሽቼዋለሁ።

ለጋሼ ወልደ የሱስ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ጃለኔንና ትንሿን ሽብሬን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ቦጋለች እጅ ነሥተዋል።

አሁን እናታችን ገብተው ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ፊደል ስላልቆጠሩ ወረቀቱን አልሸሸግሁም። የእኔንም ጨምርበት ብለው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ የሚሉትን እንዳለ እጽፋለሁ። ዘውደነሽ ልጄ፣ ናፍቀሽኛል። ነመራ እረፍት አግኝቶ አንቺ ዘንድ ሲመጣ፣ ከኖፓ የመጣ ማር አስቀምጬለታለሁ በይው። ስለ ዝም ማለቱ አልቆጣውም በይው። ብርድ አይወድምና አልጋውን ከበሩ አርቂለት።

ይህንኑ የእኔን ቃል አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው።

ወንድምዎ አብደታ ደበሳ
መቱ፣ ጥር 23 ቀን 1979 ዓ.ም.