ከስቅለት በፊት ለሐኪሟ የሚነገር

ጋሽ ደመላሽ፣

ፊት ለፊት መናገር ስለከበደኝ ሳልቀሰቅስዎ ወጣሁ። ለፋሲካ አገሬ ራቤል፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ «ለልብዎ ምት መዛባት የሰጠንዎት የደም ማቅጠኛ ኪኒን ጉልበቱ ቀንሷል፤ ምግብ ቀይረዋል?» ስትል «ኧረ ምንም!» አሉ። አብሳዩ ግን እኔ ነኝ። ጾሙ ከገባ ከጓሯችን ጎመን ያልበሉበት ቀን የለም። «እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ ደግሞ እጨምር ነበር። ጎመን ሲበዛ ኪኒኑን እንደሚያደክም እዚያው ሐኪሟ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አነበብኩ።

ልናገር ስል «የዚህ ልጅ አፍም ጾም ይዟል» ብለው አሳቁብኝ።
ዝም አልኩ።
ኪኒኑ ተጨመረብዎ።

እሑድ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮው ሲተካ፣ የተጨመረው ኪኒን ደምዎን ከልክ በላይ አቅጥኖ ሊያደማዎት ይችላል። ነገ ስቅለት ነው፤ ዛሬውኑ ሄደው ይህን ወረቀት ያስነብቧት። በራስዎ ግን ኪኒኑን እንዳይቀንሱ።

ጉልባኑ ድስት ውስጥ ነው። ጎመኑም አጠገቡ አለ፤ እሷ እስክትነግርዎ እንደ ወትሮው ይብሉ።

ለዳግም ትንሣኤ እመለሳለሁ። ያኔ እንደ ልብዎ ይሳቁብኝ፣ ብቻ ደህና ሆነው ይቆዩኝ። የእኔ አፍ እንደሆነ ከሁላችሁም ቀድሞ ፈስኳል።

እምሩ