መቆምን የተማሩት እናታችን፦ የወይዘሮ ሱኒቫ ሃልቮርሰን ፕራየር የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወይዘሮ ሱኒቫ ሃልቮርሰን ፕራየር ከአባታቸው ከአቶ ቶርቫልድ ሃልቮርሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንግሪ ሶልበርግ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ከስንዴና ከሰማይ በቀር ምንም በማይታይበት እርሻ ተወለዱ። ያን ሰሞን በረዶው በሩን ደፍኖት ስለነበር አዋላጇ የገቡት በመስኮት ነው ይባላል። እናታችን ይህን በሰሙ ቁጥር "እኔ ስመጣ ቤቱ ዝግ ነበር" እያሉ ይስቁ ነበር።

ወላጆቻቸው ዘራቸው ከኖርዌይ የሆነ፣ የሉተራን እምነታቸውን አጥብቀው የያዙ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ቤት ብዙ አይወራም። ማዕድ ይባረካል፣ ድንች ይበላል፣ ነፋስ ይደመጣል። እናታችን በልጅነታቸው ስንዴው ከቁመታቸው በላይ ሲሆን መሐሉ ገብተው ዓይናቸውን ይጨፍኑና ዝም ብለው ይቆሙ ነበር። ነፋሱ ሲመጣ የትኛው ስንዴ፣ የትኛዋ ሱኒቫ እንደሆነች እስኪጠፋቸው ድረስ አብረው ይወዛወዛሉ። እናታቸው ወይዘሮ ኢንግሪ ከደጅ ሆነው "አንቺ ልጅ፣ ደግሞ የት ጠፋሽ?" ብለው ሲጣሩ ለመመለስ ድምፃቸውን ፈልገው ማግኘት እንደነበረባቸው አጫውተውናል።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በሚኒሶታ የመምህራን ኮሌጅ በሙዚቃ ተመርቀው፣ በ1960 ወደ ካሊፎርኒያ መጡ። በሜንዶሲኖ ጠረፍ በምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመዝሙር አስተማሪ ሆኑ። ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። "ጭጋጉ ሲገለጥ ሜዳችን ተከትሎኝ የመጣ መስሎኝ ልራመድበት ምንም አልቀረኝም" ይሉ ነበር።

በትምህርት ቤቱ የገና ዝግጅት ላይ ከኋላ ተቀምጠው ከልጆቹ ሁሉ በላይ እየጮኹ፣ ከዜማውም ወጥተው የሚዘምሩ አንድ ሰው ነበሩ። እናታችን ሄደው "ጌታዬ፣ እባክዎ ይተዉት፣ ልጆቹን እያሳሳቱብኝ ነው" አሏቸው።

"እንግዲያው ለብቻዬ ያስተምሩኛ!" አሉ ሰውዬው።

እኚህ ሰው አባታችን አቶ ዌንደል ፕራየር ነበሩ። በ1962 ተጋቡ፤ እኔን ቴያንና ወንድሜን አንደርስን ወለዱ። አባታችን መዘመር እስከ መጨረሻው አልሆነላቸውም።

በ1974 መገባደጃ ላይ አባታችን ሸርጣን ሊያጠምዱ ወጥተው አልተመለሱም። ጀልባቸው ተገኘች፤ እሳቸው አልተገኙም። በባዶ ሣጥን ጸሎት ተደረገ። ከዚያ በኋላ የእናታችን ትንፋሽ ከደረታቸው በታች አልወርድ አለ። መዝሙር ሲጀምሩ ከመጀመሪያው ስንኝ ያቋርጡና ሳል ይሆናል። ሐኪሞች ደጋግመው መርምረው ሳንባቸው ጤነኛ ነው አሉ። እናታችን ማስተማሩን ትተው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ባሕሩን አያዩትም፣ ፊታቸውን ግን ከሱ አያዞሩም።

በእነዚያ ዓመታት ከየከተማው የሸሹ ብዙ ወጣቶች ወደ ጠረፋችን ይጎርፉ ነበር። በገዛ እጃቸው ቤት ይሠራሉ፣ ቡናማ ሩዝና የባሕር አረም ይበላሉ፣ አንዱን መንገድ ይዘው ሳይጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ። ከነሱ አንዷ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሎርና ፓስኮ ነበሩ፤ ሸማኔ ናቸው። ጾም ሞክረዋል፣ የሕንድ ዝማሬ ሞክረዋል፣ በትኩስ ድንጋይ ጎጆ ተዘግቶ ማላብም ሞክረዋል። አንድ ቀን እናታችንን "ሱኒ፣ ነይ አንዲት ሴትዮ ላሳይሽ። ይኼኛው የእውነት ነው" አሏቸው።

"ያለፈውስ የምን ነበር?"

"ያለፈው መንገድ ነበር። ነይ ዝም ብለሽ።"

በሳን ፍራንሲስኮ መናፈሻ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ገና ሳይነሣ፣ ወይዘሮ ሊዮንግ የሚባሉ ከቻይና የመጡ አሮጊት ጥቂት ሰዎች ሰብስበው ቺጎንግ ያስተምሩ ነበር። ሰውነትን አላልቶ፣ በዝግታ እየተንቀሳቀሱ ወይም ቀጥ ብለው ቆመው ትንፋሽን መምራት ነው። ቺ የሚሉት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረውን ሕይወት ነው። ወይዘሮ ሊዮንግ እናታችንን ዙሪያቸውን ዞረው አዩዋቸውና "ማነው የሚከለክልሽ?" አሉ።

"ምኑን?"

"መተንፈሱን። እንደ ሌባ እኮ ነው የምትተነፍሺው። ቆንጠር ታደርጊና ትሮጫለሽ።"

ወይዘሮ ሎርና ሳቁ። እናታችን አለቀሱ። አባታችን ከጠፉ ወዲህ ሰው ፊት ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ምን ላድርግ?" አሉ በመጨረሻ።

"ቁሚ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያስ ትላለች! እናንተ ሰዎች ገና ሳትቆሙ መብረር ነው የሚያምራችሁ። ጉልበትሽን ላላ አድርጊ። ትከሻሽንም ልቀቂው፣ ማንም አይወስድብሽም።"

በየሳምንቱ መጨረሻ እኛን አሮጌው መኪና ላይ ጭነው ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ መመላለስ ጀመሩ። ክንዳቸውን ክብ አድርገው፣ ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ይቆማሉ። አንደርስ "እማዬ፣ ዛፉ እኮ የለም!" ብሎ ሲያፌዝባቸው "እንግዲያው አንተ ሁንልኝ" ብለው መሐል አስገቡት። መሮጥና መፈንጨት የሚወደው ወንድሜ እዚያ ክንዳቸው ውስጥ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው።

አንድ ማለዳ ትንፋሻቸው ወረደ። እናታችን ስለዚያ ማለዳ ብዙ ባያወሩም፣ ለእኔ የነገሩኝ ይህን ነው፦ ጭጋጉ በፊታቸው አለፈ፣ ቀጥሎም በውስጣቸው የሚያልፍ መሰላቸው። ቆዳቸው በር እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ከእግራቸው ሥር ያለው ምድር ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ተሰማቸው፣ እሳቸውም አብረው ተነፈሱ፤ ሩቅ ቦታ አባታችን ከዜማ ወጥተው ሲዘምሩ ሰሙ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ወይዘሮ ሊዮንግ ሻይ እየጠጡ ነበር። "መጣሽ?" አሏቸው።

በ1981 በኛ ከተማ አጠገብ፣ በአንድ አሮጌ የከብት በረት ውስጥ፣ ታኦ የተባለውን የቻይናውያን ጥንታዊ እምነት የሚከተል ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ አቶ ጋሪክ ቶልማን የሥነ ልቦና መምህር የነበሩ ሲሆኑ፣ ቻይና ደርሰው ሲመለሱ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ራሳቸውን የደመናው መምህር ብለው ሰየሙ። ከየእምነታቸው የወጡ፣ ከትዳር የተለያዩ፣ ከቬትናም ጦርነት ተመልሰው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ወደዚያ በረት ተሰበሰቡ። እናታችን መቆምን አስተማሯቸው፤ በየልምምዱ መጨረሻም ቃል የሌለው ዜማ ያዜሙላቸው ጀመር። ጣሪያው ከነርግቦቹ አብሮ የሚያዜም ይመስል ነበር። የነዚያን ዓመታት ደስታ እስከ መጨረሻው አልካዱም።

በ1986 ወይዘሮ ሎርና ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። አቶ ጋሪክ በማኅበሩ ፊት "ቢላ የቺን መንገድ ይቆርጣል። እብጠት የታሰረ ሐዘን ነው፣ በትንፋሽ ይፈታል" አሉ። ሰዎቹም ከበው እጃቸውን ዘረጉላቸው። እናታችንም ዘረጉ። ትንፋሽ እሳቸውን ከሞት አፋፍ መልሷቸው የለ? እንዴት አያምኑ? እብጠቱ ግን እያደገ ሄደ፤ ወይዘሮ ሎርናም ለመሸመን ክንዳቸውን ማንሣት አቃታቸው።

እናታችን ወደ ወይዘሮ ሊዮንግ ሄዱ። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የሸሚዛቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ።

"ጠባሳ።"

"ሐሞቴን ያወጡልኝ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ሲቀደኝ ቺዬ የት የሄደ ይመስልሻል? ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ!" አሉና ሳቃቸው ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። "ልምምዱ ለሚኖር ሰው ነው፤ መጀመሪያ ትኑር! ጓደኛሽን ሐኪም ዘንድ ሳትወስጂ እኔ ጋ መጥተሽ እንዳትቆሚ።"

በማግስቱ ጠዋት እናታችን ልምምዱ መሐል በረቱ ገቡ። እዚያ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን አላወለቁም።

"ሎርና፣ ተነሺ። መኪናውን አላጠፋሁትም።"

"ሱኒቫ፣ ፍርሃትሽን ይዘሽብን ገባሽ" አሉ አቶ ጋሪክ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"አዎ ጋሪክ፣ ይዤው ነው የመጣሁት። ባሌን ሳልሰናበተው ነው ያጣሁት። እሷን ቆሜ እያየሁ አላጣትም።"

"ሱኒ፣ እኔ እፈራለሁ" አሉ ወይዘሮ ሎርና።

"እኔም እፈራለሁ። ነይ፣ መኪና ውስጥ አብረን እንፈራለን።"

አቶ ጋሪክ ያኔ ዓይናቸውን ገለጡ። "ከዚህ በር የወጣ አይመለስም" አሉ። እናታችን መቆምን ያስተማሯቸው እነዚያ ሁሉ ሰዎች ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ቀሩ። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወጡ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ የመድኃኒቱ ወራት ግን ከባድ ነበሩ። በከተማው ሱቅ ውስጥ የማኅበሩ ሰዎች እናታችንን ሲያዩ ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞር ይሉ ነበር። እናታችን ይህን ሐዘን ማንም ላይ አልጫኑትም። በየማለዳው ከቤታችን ጀርባ ባለው ገደል ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይቆሙ ጀመር። በጭጋጉ ውስጥ አንዳንዴ ይታያሉ፣ አንዳንዴ አይታዩም። ከዕለታት አንድ ቀን ሲታዩ ሁለት ሆነው ታዩ፤ ወይዘሮ ሎርና ፀጉር አልባ ራሳቸውን በሱፍ ቆብ ሸፍነው አጠገባቸው ቆመው ነበር። ያ በረት ከጊዜ በኋላ ሲበተን፣ ከዚያ የመጡትም ሌሎችም አንድ በአንድ እየተጨመሩ ገደሉ ጫፍ በሰው ተሞላ። መምህር ብለው ሲጠሯቸው "እኔ የመዝሙር አስተማሪ ነኝ" ብለው ይመልሱ ነበር።

ወደ ልጅነት እምነታቸው ቤተ ክርስቲያንም ተመልሰው ነበር። ቄሱ "ወይዘሮ ሱኒቫ፣ ለመሆኑ የታኦ ነዎት ወይስ የሉተር?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "እሁድ እዘምራለሁ፣ በሌላው ቀን እቆማለሁ። እግዚአብሔር መቼም የሚያየው ያችኑ አንዲት ሴት ነው" አሏቸው።

በ2009 በአንድ የበልግ ማለዳ አቶ ጋሪክ ቶልማን መጡ። አርጅተዋል፣ ነጩን ቀሚስ ትተዋል፤ ልባቸውን በቀዶ ሕክምና ከታከሙ ብዙ ጊዜ አልሆነም። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ወይዘሮ ሎርና አላስችል ብሏቸው "እህ፣ ቢላው መንገዱን አልቆረጠብህም?" አሏቸው።

"ኧረ እንዲያውም አሰፋልኝ" አሉ አቶ ጋሪክ። ከዚያም ወደ እናታችን ዞረው "ሱኒቫ፣ እኔ ያን ጊዜ..." ብለው ጀመሩ።

እናታችን ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ነካ አደረጉና "ጉልበትህን ላላ አድርገው፣ ጋሪክ" አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀሩም። ዛሬም እዚህ መካከላችን አሉ።

በ2021 እናታችን ሳንባን እያደረቀ የሚሄድ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞቻቸውን ሰሙ፣ መድኃኒታቸውን ወሰዱ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ "ይኼ ደግሞ አዲሱ መምህሬ ነው" እያሉ አፍንጫቸው ላይ ያደርጉ ነበር። መቆም ሲያቅታቸው ተቀምጠው፣ መቀመጥ ሲያቅታቸው ተኝተው ተለማመዱ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከብርድ ልብሱ በላይ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቻቸው ብቻ ነበሩ፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሣር፣ ቀስ ብለው።

ጥቅምት 9 ቀን 2022 ረፋድ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ በማሽን እንጂ በቺ አላምንም ሲል የኖረው ወንድሜ አንደርስ እጃቸውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

"እማዬ፣ ምን ላድርግልሽ?" አላቸው።

"ምንም አታድርግ ልጄ። አብረኸኝ ተንፍስ።"

አንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ በሳቸው ልክ መተንፈስ ጀመረ። ሲስቡ ይስባል፣ ሲለቁ ይለቃል። እየዘገየ፣ እየራቀ ሄደ። እኔ ከበሩ ቆሜ አያቸው ነበር፤ ሁለቱም የተኙ ይመስሉ ነበር። ጭጋጉ ተገልጦ መስኮቱ ላይ ብርሃን ሆነ። አንደርስ ብቻውን እየተነፈሰ መሆኑን ያወቀው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ እጃቸውን አልለቀቀም፣ ትንፋሹንም አላፈጠነም።

ወይዘሮ ሱኒቫ በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። በሰሜን ዳኮታ የሚኖሩት እህታቸው ወይዘሮ ሶልቬይግ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ሎርና ፓስኮ፣ እንዲሁም በገደሉ ጫፍ አብረዋቸው የቆሙ ሁሉ በሐዘን ይሸኟቸዋል።

ለፍጥረት ሁሉ ትንፋሽን የሰጠ ጌታ የእናታችንን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። እኛንም ያጽናናን።