የቅዳሜ ዳኛ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀው ትንሿ እመቤትስ እንዴት ናት? ወገብህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ አሁንም የጫማህን ክር የምታስርልህ ልጅህ ናት? እኔ ደህና ነኝ። ከስፌቱ ብዛት ቀኝ ትከሻሽ ከግራው ዝቅ ብሏል ይሉኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። እማዬም በአካሏ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደረጃውንም ያለ ደጋፊ ትወርዳለች።

"በአካሏ" ማለቴን ልብ ብለህ ይሆናል። ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ብነግርህ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ አንተም የእሷ ልጅ ነህና ገና "ሃሎ" ስል ታውቅብኛለህ። ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ቢዘበራረቅም እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንደኛው "ነጥቤ ስንት ደረሰ?" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ቪዲዮውን አሳየሻት ወይ? ምን አለች?" የሚል። ሁለቱንም እመልስልሃለሁ፤ ግን እንደ ምንም ታገሰኝና ከሩቅ ልጀምር።

ቅዳሜያችንን ታስታውሳለህ? ምን ብዬ ነው ደግሞ የምጠይቅህ፣ አንተ ካላስታወስክ ማን ሊያስታውስ! ጠዋት እጥበት፣ ከምሳ በኋላ ካውያ። እማዬ የሳምንቱን ልብስ ጠረጴዛው ላይ ትከምርና ወንበሯን ስባ "በሉ አምጡ" ትለናለች። እኔና አንተ በየተራ አንድ አንድ ዘፈን እናሰማታለን። ሰምታው የማታውቀው ከሆነ ነጥቡ የእኛ፣ ካውያው የእሷ። ሰምታው ከሆነ ግን ዘፈኑን ያመጣው ሰው ልብሱን ይተኩሳል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆና መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት ጆሮ ምን ያመልጠዋል? ሰዉን በሳሉ ትለየው ነበር እኮ። ገና መግቢያው ላይ እጇን ታነሳና "ሰምቼዋለሁ" ትላለች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት፤ የት እንደሰማችው፣ ከማን ጋር እንደነበረች፣ ያን ቀን ዘንቦ ይሁን አይሁን፣ ሁሉንም ትዘረዝርልናለች። አንተ ካሴት ከሰው ተውሰህ፣ ባለ ካሴት ቤቱን ደጅ ጠንተህ፣ ቋንቋውን የማናውቀውን ዘፈን ሳይቀር አምጥተህ፣ በልጅነትህ ያሸነፍካት ሁለቴ ብቻ ነው። እኔ አንድም ቀን። ልብስ ሰፊ የሆንኩት እንኳ ከጨርቅ ጋር በዚያው ተላምጄ ሳይሆን አይቀርም።

አንተ ከሄድክ በኋላም ጨዋታው አልቀረም። ሐሙስ ወይ ዓርብ ዘፈን ትልካለህ፣ ቅዳሜ አሰማታለሁ፣ ፍርዷን እጽፍልሃለሁ። ለብዙ ዓመት ፍርዱ አንድ ነበር፤ "ሰምቼዋለሁ"። የዛሬ ዓመት ገደማ ግን ዘፈንህን እስከ መጨረሻው ሰማችና "ይሄንንስ አልሰማሁትም" አለች። ያን ቀን የመለስክልኝን አልረሳውም። ፎክረህ፣ ሚስትህን ጠርተህ፣ በሩን ዘግታችሁ ጨፍራችኋል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አሸነፍክ። ከዚያም በኋላ። እኔም በተራዬ ማሸነፍ ጀመርኩ።

እውነቱን ልንገርህ ወንድም ጋሼ፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸነፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናቴ ቆማ ቀሚሴን ስትተኩስልኝ እግሬን ዘርግቼ ሻይ ጠጣሁ። እርጅና ነው አልኩ። ዘፈኑ በዛ፣ ማን ሁሉን ሰምቶ ይዘልቀዋል አልኩ። ሰው ማመን ያልፈለገውን ላለማመን ምክንያት አያጣም።

አንድ ቅዳሜ ዘፈን ሳላዘጋጅ ቀረሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት የተቃረበበት ሰሞን ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ ከርሜ ጣቴ አብጦ ነበር። እንደው ለቀልድ ብዬ የራሷን ዘፈን ከፈትኩላት። የትኛውን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ስትተኩስ ከአፏ የማይለየውን። አባዬ ሲሞት ሁለት ዓመት ተወችው፤ ከዚያ አንድ ቀን ካውያው ላይ ቆማ እንደገና ስታንጎራጉረው እኔና አንተ ተያይተን በሹክሹክታ "ዳነች" ተባባልን። እሱን ነው የከፈትኩላት። እጇን እስክታነሳ ጠበቅኩ። አላነሳችም። ዘፈኑ አለቀ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ምን የመሰለ ዘፈን ነው! ከየት አገኘሽው? አልሰማሁትም" አለችኝ። ብድግ ብላም ካውያውን ሰካች። ሕግ አይደል።

ያን ቀን ለአንተ የጻፍኩት "ዛሬም አሸነፍን" ብዬ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ የደበቅኩት የእናቴን ነው፤ ያውም ካንተ። ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ ጠየቃት፤ ፈጠን ብላ "ቅዳሜ" አለችው። ማክሰኞ ነበር። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና፣ ትዝታዋ ቀስ እያለ ይሄዳል እንጂ የሚመለስ ነገር አይደለም አለኝ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ እየደጋገመ አይዞሽ አለኝ። ከ"አይዞሽ" ሌላ የሚሰጠኝ ነገር እንደሌለው ያኔ ገባኝ።

እንድትጫወትባቸው የላክሃቸውን የስልክ ጨዋታዎች ነገርም ልንገርህ። ካርድ እየገለበጡ ጥንዱን የሚፈልጉበትን ስትልክ "ለእማዬ ይሄ ምኗም አይደል፣ በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች" ብለህ ነበር። ዓሣ ገለበጠች። ቀጥላ ወፍ ገለበጠች። ከዚያ "ዓሣውስ? አሁን እዚህ የነበረውን ማን ወሰደው?" ብላ ስልኩን አዙራ ከጀርባው ፈለገችው። ጨዋታውን አጠፋሁት። ለአንተ ግን "ወዳዋለች" አልኩህ። ባለ ቀለም ኳሶቹን ግን ከልቧ ትወዳቸዋለች። አንደኛውን ደረጃ ስታልፍ ኮከብ ይዘንባል፣ እሷም ታጨበጭባለች። ሁለተኛው ሲመጣ ስለምትደነግጥ ወደ አንደኛው እመልስላታለሁ። በአንድ ቅዳሜ ሠላሳ ጊዜ ታሸንፋለች። ከመደርደሪያ ላይ የምትወድቀውን ድመት ቪዲዮም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትስቅበታለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ አንዳንዴማ የምሬን ነው። በሥራ ቀን የምትጠብቅልኝ የታችኛዋ ጎረቤታችን ሳቃችንን ስትሰማ "እናትና ልጅ ስታድሉ!" ትለኛለች።

በእኔ ተራ አሁን ሌላ ዘፈን አልፈልግም። ያንኑ የእሷን እከፍታለሁ። በየሳምንቱ አዲስ ነው። በየሳምንቱ ከየት አገኘሽው ትለኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ "ከአንዲት ሴት" እላታለሁ። ካውያውን ግን ደብቄዋለሁ። አንድ ቀን አስቀምጣው ወደ መስኮት ሄዳ ረሳችው፤ እዚህ ትተኸው የሄድከው ነጩ ሸሚዝህ ደረቱ ላይ ተበሳ። ስጮህባት "የማን ነው?" አለችኝ። ጮህኩባት፣ አዎ። ይሄንንም እወቅልኝ።

አንተ ላይ የተቆጣሁበት ቀንም አለ። ዓመት ሙሉ ስታሸንፋት አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆና ነው?" አትልም? ጆሮዋን የምታውቀው አንተ አይደለህም? በኋላ ግን በራሴ አፈርኩ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ያላልኩትን አንተ ከዚያ ሩቅ ሆነህ ከየት ታመጣዋለህ። ደግሞም በስልክ ስትደውል "ደህና ነህ የኔ ልጅ? በርታ፣ ተባረክ" ትልሃለች። ለማታውቀው ሰው በትሕትና መመለስ ሠላሳ ዓመት እንጀራዋ ነበር፤ እሱ አልጠፋባትም። መብራት ቆጣሪ ሊያነብ የሚመጣውንም እንዲሁ ነው የምትለው።

በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስደህ እንደምትመጣ ጽፈሃል። ሳንነግራት ከበሩ ውጭ ቆመህ ከልጅህ ጋር ልትዘፍን፣ በድምፅህ ብቻ ልታውቅህ። ወንድም ጋሼ፣ በር ላይ አትዝፈን። እንደ ማንኛውም ሰው አንኳኳ፣ እኔ እከፍትልሃለሁ። ልጅህንም አያትሽ ስምሽን ደጋግማ ብትጠይቅሽ ደጋግመሽ ንገሪያት በላት። አትምጣ አልልህም፤ በምን አንጀቴ! ግን ስታየኝ ይሻላታል ብለህ አትምጣ። እኔን በየቀኑ ታየኛለች።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ ልመለስ። ነጥብህ እስከ ካቻምናው፣ ማለቴ ካለፈው ወዲያ እስካለው ቅዳሜ፣ ሃምሳ አንድ ደርሶ ነበር። ይኸው እኔም ቀን እየተምታታብኝ ነው።

ቪዲዮህን ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሳየኋት። መነጽሯን ጠርጌ አደረግኩላት፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። ሰማያዊ ሹራብህን ለብሰህ፣ ልጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ፣ የእሷን ዘፈን ስትዘፍኑላት ሰማች። መጨረሻ ላይ "እማዬ፣ ይሄንንስ ሰምተሽዋል?" ስትላት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። "ድገሚልኝ" አለችኝ፤ ደገምኩላት። ልጅህ በወለቀው ጥርሷ ስትስቅ እሷም ሳቀች። ከዚያ ልክ እንደ ድሮው እጇን አነሳች። በጣቷ ፊትህን ነካ አደረገችው፣ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች፣ ወደ እኔም ዞራ ፍርዷን ሰጠች።

ነጥብህን ሃምሳ ሁለት አድርገው።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጅህ ስምህን ስትጠራ ለመስማት ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ትንሿን እመቤት ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። በምጽፍልህ ሁሉ መጨረሻ "እማዬም ሰላም ብላሃለች" ብዬ መዝጋት ለምዶብኝ ነበር። የዛሬው ሰላምታ ግን የእኔ ብቻ ነው።

ሸሚዝህን የጣፍኩልህ
ታናሽ እህትህ