ወረፋ ነው የሚለው

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሥራው፣ ኑሮው እንዴት ይዞሃል? ድምፅህ ደህና መሆኑን ሰምተናል፤ እሱን አልጠይቅም። እኔ ከስፌቴ ጋር አለሁ። እማዬ ግን ደህና አይደለችም፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

አለቃህ፣ ያ ምርጫ በመጣ ቁጥር ለአገር የሚያለቅሰው ሰውዬ፣ በገጹ የለቀቀውን ቪዲዮ አየነው። ዓይን ክሊኒኩ በር ላይ የተሰለፉ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ ከላያቸው በቀይ «የመጤዎች ወረራ» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥር የጦርነት ሙዚቃ። አቤት ወራሪ! ግማሹ በከዘራ፣ ግማሹ በሰው ክንድ ተደግፎ። ፊታቸውን ማደብዘዛችሁ ደግሞ፣ ጨዋነታችሁ! የእማዬን ካፖርት ማን ያደብዝዝልህ? ክርኑን የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ካንተ አሮጌ ሱሪ ቆርጬ።

ጎረቤታችን ሹፌሩ ጽሑፉን ሲያነብላት እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? ፊደል ተሳስተህ ነው፣ «ወረፋ» ነው የሚለው ብላ አረመችው። አለቃህ በዚያች ፊደል የመራጭ ድምፅ ይለቅምባታል፤ እሱስ ሥራው ነው፣ አፈር ይብላ። ያልገባኝ አንተ ነህ። እኛስ ከየት መጣን? ድንበሩን ስንሻገር በማን ጀርባ ታዝለህ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ስልክ የደገኑ ጎረምሶች ክሊኒኩ በር ላይ እየመጡ፣ ወደ መጣችሁበት ሂዱ እያሉ ይጮኹባቸዋል። የእማዬ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ተራዋ ሰኞ ነው። ግራ ዓይኗ እንደሆነ ሄዷል፤ ይህ ተራ ካለፋት ቀኙም አይተርፍም ብሏል ሐኪሙ። እሷ ግን አልሄድም አለች። ፈርታ መስሎኝ ነበር። ስነዘንዛት ጊዜ አወጣችው። ሙዚቃው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ከካሜራው ጀርባ፣ አንድ ሰው እንደ አባታችን ሁለቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ደጋግማ አስከፍታ ሰምታዋለች።

«ሰላም ሳይለኝ የሄደው ቸግሮት ነው» አለችኝ። «ሰኞ ሄጄ ደግሞ ብቀረጽ፣ የማን እናት እንደሆንኩ ያውቁና ልጄን ከሥራው ያስወጡብኛል።»

እኔ አንጀቴ አረረ፤ እሷ ላንተ ታዝናለች።

ሰኞ ጠዋት አዝያትም ቢሆን እወስዳታለሁ። በአንድ ክንዷ እኔ አለሁ። ያንተ ሱሪ የተጣፈበት ክንድ ባዶ ነው።

እግዜር ልብ ይስጥህ፣ ጉሮሮህንም ይጠብቅልህ።

የወራሪዋ ልጅ፣
እህትህ